ካሜራው ይቆይ፣ መጀመሪያ ድምፁ ይሰማ

ሰሞኑን የሚደርሱን ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ነው የሚያርፉት፦ የቪዲዮ ስብሰባ። ጠያቂዎቹ ትንሽ ቢሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የጻፉልን ደግሞ ሱቅ ሄደው ዋጋ ሰምተው ከደነገጡ በኋላ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ ስም ትተን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ቡና ላኪ ነኝ። ቢሯችን ገርጂ ነው፣ 6 ሠራተኞች አሉን። ሃምቡርግ ካለው ገዢያችን ጋር በየሳምንቱ በቪዲዮ እንነጋገራለን። ሰውዬው ሁልጊዜ «አልሰማችሁም፣ ድምፃችሁ ከጉድጓድ የሚመጣ ነው የሚመስለው» ይለናል። እኛ ላፕቶፑን ጠረጴዛ መሀል አድርገን ከበን ነው የምንቀመጠው። አንድ ሱቅ ብንጠይቅ የሚዞር ካሜራ፣ 65 ኢንች ቲቪና ማይክ አንድ ላይ «ሙሉ ፓኬጅ» ብለው ዋጋ ነገሩን። ያገለገለች መኪና ቅድመ ክፍያ ያህላል። በዕድሜም ገፋ ብያለሁ፣ እነዚህን ነገሮች ብዙ አላውቃቸውም። ልግዛው?

መልስ፦ አይግዙት። ቢያንስ ዛሬ አይግዙት።

ደንበኛዎ ያለውን መለስ ብለው ያስቡት። «አላየኋችሁም» አላለም፤ «አልሰማችሁም» ነው ያለው። የሱቁ ፓኬጅ ደግሞ ብሩን የሚበላው በማየቱ በኩል ነው። ሰው የደበዘዘ ምስል ይችላል፣ እንዲያውም ከ10 ደቂቃ በኋላ ይረሳዋል። የሚቆራረጥ ድምፅ ግን ማንም አይችልም፤ በተለይ እርስዎም እሱም አፋችሁን ባልፈታችሁበት ቋንቋ እየተደራደራችሁ። አንድ ቃል ሲዋጥ የሚዋጠው ዋጋው ነው። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በመጥፎ ማይክ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ለቡና ነጋዴ አልነግርም።

ድምፁ ለምን ከጉድጓድ ይመጣል? የላፕቶፕ ማይክ የተሠራው ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ አንድ ሰው ነው። እናንተ 6 ሆናችሁ ከሜትር በላይ ርቃችሁ ስታወሩ፣ ማይኩ የሚቀበለው ከአፋችሁ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳና ወለል መትቶ የተመለሰውንም ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ አንዱ ግድግዳ መስታወት፣ መጋረጃ የሌለው ክፍል ከሆነ (አዳዲሶቹ ሕንፃዎች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው) የትኛውም ካሜራ አያድናችሁም። ክፍሉ መሀል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ። ካስተጋባ የችግሩ ግማሽ ክፍሉ ነው ማለት ነው። ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ፣ ምንጣፍ ያንጥፉ። እነዚህ ደግሞ ከመርካቶ ነው የሚገዙት፣ ከኮምፒውተር ሱቅ አይደለም።

ቀጥሎ የሚገዛው ጠረጴዛ መሀል የሚቀመጥ ክብ ስፒከርፎን ነው። ማይኩና ስፒከሩ አንድ ዕቃ ውስጥ ናቸው፣ በዩኤስቢ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ጃብራ ስፒክ 510 የሚባለው እስከ 4 ሰው፣ 710 ደግሞ እስከ 6 ሰው ላለበት ክፍል የተሠሩ ናቸው። አንከር ፓወርኮንፍ የሚባለውም ደህና ነው። ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም፣ ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ደውላችሁበት ግዙት፤ ፎርጅዱ ብዙ ነው።

ማይክና ስፒከር አንድ ላይ መሆናቸው ጥቅም አለው። ዕቃው ራሱ ያወጣውን ድምፅ ስለሚያውቀው ተመልሶ ወደ ማይኩ ሲገባ ያጠፋዋል። ድምፁን በቲቪ እያወጡ በላፕቶፕ ማይክ ማውራት ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ቲቪው ድምፁን ትንሽ ያዘገየዋል፣ ፕሮግራሙ ግራ ይገባዋል፣ ሃምቡርግ ያለው ሰውዬ የራሱን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይሰማል። እና ቲቪ ካላችሁ ለምስል ብቻ ይሁን። በፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ማይክም ስፒከርም የሚለው ቦታ ላይ ስፒከርፎኑ መመረጡን አንዱን ወጣት ያሳይዎት፣ የ1 ደቂቃ ሥራ ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ላፕቶፕ እዚያው ስብሰባ ላይ ከገባ ደግሞ የአንዱ ማይክም ስፒከርም ይዘጋ። እኔ ይሄን ረስቼ አንዴ ስንት ሰው አስደንግጫለሁ፤ ፉጨቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ካሜራውስ? ድምፁ ከተስተካከለ በኋላም ካስፈለገ እንደ ሎጂቴክ ሲ920 ያለ ተራ የዩኤስቢ ካሜራ ይበቃል። እይታው 78 ዲግሪ ነው፤ 2 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ብትተክሉት ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይይዛል። ጀርባውን ለካሜራ የሚሰጥ ሰው ብቻ እንዳይኖር። «4ኬ ነው» ሲሏችሁ ደግሞ አትደነቁ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል ጥራት አይልኩም። ከሁሉ በፊት መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ዞራችሁ ተቀመጡ፤ አሁን ጥላ ነው የምትመስሉት። ይሄኛው ነፃ ነው።

ናሙና ማሳየት ሲፈልጉ ስልክ በማቆሚያ ላይ ወደ ታች አዙራችሁ እንደ ሌላ ተሰብሳቢ አስገቡት፣ ድምፁ ተዘግቶ። ፍሬውን በቀን ብርሃን አሳዩት፤ የቢሮ አምፖል ቀለሙን ይዋሻል። ካፒንግ (የቡና ቅምሻ) ላይ ፉት የምትሉትን ደግሞ ፕሮግራሙ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ገዢው ማንኪያ ሲነሳ አይቶ ዝምታ ብቻ ከሰማ አይገረም።

ጥያቄ፦ 4 ሆነን ግራፊክስና ድረ-ገጽ የምንሠራበት ቢሮ ከፍቻለሁ። ሁሉም የየራሱን ይመክረኛል። ዙም ነው፣ ጉግል ሚት ነው፣ ቲምስ ነው? ነፃው ይበቃናል? ከከፈልንስ ለአራታችንም ነው የሚከፈለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደንበኛሽ የለመደውን። እውነቴን ነው። የሚከፍልሽ ድርጅት ቲምስ ላይ ከሆነ ቲምስ ላይ ግቢለት፤ እሱን ዙም አስጭነሽ የመጀመሪያዋን ሩብ ሰዓት «ይሰማል? ይሰማል?» ስትሉ አትፍጁት።

እናንተ ስትጠሩ ግን መምረጥ አለባችሁ፣ ምርጫው ደግሞ በሰዓት ነው። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይዘጋል። ድሮ ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ገደብ አልነበረውም፣ ከፈረንጆቹ 2022 ወዲህ ግን ሁለት ሰውም ሆነ ሃያ ሰው ያው 40 ነው። ነፃው ጉግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ 60 ደቂቃ፣ ሁለት ከሆናችሁ እስከ 24 ሰዓት ይፈቅዳል። ነፃው ቲምስም ለቡድን 60 ደቂቃ ነው። ሦስቱም እስከ 100 ሰው ያስገባሉ፣ ስለዚህ ለእናንተ የሰው ቁጥር ጭራሽ ጉዳይ አይደለም። ጂትሲ የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ፤ ከ2023 ወዲህ ስብሰባውን የሚከፍተው ሰው እንደ ጉግል ወይም ፌስቡክ ባለ አካውንት መግባት አለበት እንጂ ሌላው ሊንክ ነክቶ ይገባል። «ስካይፕስ?» ብላችሁ የጻፋችሁም አላችሁ። ስካይፕ በፈረንጆቹ ሜይ 2025 ተዘግቷል፣ ነፍስ ይማር።

እኔ ብሆን ጉግል ሚት እጀምር ነበር። ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳይጫን በብራውዘር ይከፈታል፣ ጂሜይል የሌለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። 60 ደቂቃ ካልበቃችሁ ችግሩ የፕሮግራሙ ላይሆን ይችላል። የኛ ሰው ስብሰባ ሰላምታው ብቻ 15 ደቂቃ ነው።

መክፈል ካስፈለገ የሚከፈለው ስብሰባውን ለሚከፍተው ሰው ነው። እንግዶቹ አይከፍሉም። ለ4 ሰው 4 ፈቃድ የሚሸጥልሽ ካለ፣ አራታችሁም በየፊናችሁ ረጅም ስብሰባ የምትጠሩ ካልሆነ በቀር አንድ ይበቃሻል። ክፍያው በዶላር ነው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ያስከፍላል። ይሁን፣ ግን አካውንቱ በቢሮው ኢሜይል ይከፈት። በአጎትሽ ልጅ ኢሜይል የተከፈተ አካውንት የአጎትሽ ልጅ ነው፤ ኩርፊያ የመጣ ዕለት ስብሰባችሁም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሆነን ለአዲስ አበባ ድርጅቶች የሂሳብ ሥራ እንሠራለን፣ 3 ነን። በሞባይል ዳታ ነው የምንሰበሰበው፤ አንድ ሁለት ስብሰባ ካደረግን ፓኬጁ ወፍ የለም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዋናው ወሬ ላይ ነው የሚሄደው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሂሳብ ሠሪዎች ስለሆናችሁ በሂሳብ እንነጋገር። ዙም ለሁለት ሰው ጥሩ ለሚባል ምስል የሚጠይቀው 600 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፣ ለመላክም ለመቀበልም። ሁለቱን ደምሩና በሰዓት አባዙት፣ ቢቱን ባይት ለማድረግ ለ8 አካፍሉት፦ 540 ሜጋባይት። ወደ 720 ጥራት (ኤችዲ የሚባለው) ከፍ ካለ እጥፍ ይሆናል፣ ከ1 ጊጋ ያልፋል። ድምፅ ብቻ ከሆነስ? ቢበዛ 80 ኪሎቢት፣ ለመላክም ለመቀበልም። በሰዓት 72 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ካሜራውን ስትዘጉ በአንዱ ሰዓት ዋጋ ሰባት ሰዓት ታወራላችሁ ማለት ነው።

ስክሪን ማሳየት ደግሞ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ፊት ሳይታይ ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራሙን) ወይም ኤክሴል ብቻ ብታሳዩ ከድምፅ ጋር የሚቀራረብ ነው የሚወስደው፣ ምክንያቱም ስክሪኑ አይንቀሳቀስም። እና እንዲህ አድርጉ፦ ስትገቡ ካሜራ ከፍታችሁ ሰላም በሉ፣ ደንበኛው ፊታችሁን ይየው፣ ሂሳቡ ሲጀመር ዝጉት። ደንበኛውም እንዲዘጋ ጠይቁት፤ እናንተ ብቻ ዘግታችሁ የእሱን ፊት እየተቀበላችሁ ከሆነ ፓኬጁ በዚያኛው በኩል እየፈሰሰ ነው። ዙም ላይ ኤችዲ የሚለውን አጥፉት። ጉግል ሚት ላይ የምትቀበሉትን የምስል ጥራት ማውረድ፣ ከፈለጋችሁም ድምፅ ብቻ ማድረግ ይቻላል።

የኢንተርኔት ፍጥነት ስትለኩ ሁለት ቁጥር ነው የሚመጣው። ሁሉም ሰው የመጀመሪያውን፣ የማውረጃውን ያያል። ድምፃችሁ እየተቆራረጠ የሚደርሰው ግን በሁለተኛው፣ በመላኪያው ምክንያት ነው። ፓኬጅ ወይም መስመር ስትመርጡ እሱን ጠይቁ።

ለመብራቱ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ) ግዙ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ መብራት ሲሄድ የሚሞተው ራውተሩ ነው። ራውተር የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ትልቁ ዩፒኤስ አያስፈልገውም። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ገልብጣችሁ ቮልቱንና አምፔሩን አንብቡ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ 9 የሆነም አለ። ወደፊት ፋይበር ካስገባችሁና የፋይበሩ ሳጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ ሁለቱም መሰካት አለባቸው። ሳጥኑን ረስቶ ራውተሩን ብቻ የሰካ ሰው ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት የለውም፣ ከዚያ ቴሌን ይራገማል።

ስልካችሁ ላይ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ይኑር። አንዱ ሲደክም ሌላው ብዙ ጊዜ አብሮ አይደክምም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሀገር ባህል ልብስ አሠራለሁ። ውጭ ላሉ ደንበኞች በቪዲዮ ጥለቱን አሳያለሁ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ላፕቶፕ ልግዛ?

መልስ፦ ተዪው። ለአንቺ ሥራ ስልኩ ከላፕቶፑ ይሻላል፤ የስልክ የኋላ ካሜራ የትኛውንም የላፕቶፕ ካሜራ ያስንቃል። ማቆሚያ ግዢለት፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ጥለት አይታይም። ባለ ሽቦ ኢርፎን ተጠቀሚ። የብሉቱዙ ማይኩ ሲበራ የድምፁ ጥራት ይወርዳል፣ ደግሞም ልክ ገዢ ሲገኝ ነው ባትሪው የሚያልቀው። ነጩን ቀሚስ ነጭ ግድግዳ ላይ አትስቀዪው። ዋትስአፕ ይበቃሻል፣ በቪዲዮ እስከ 32 ሰው ያገናኛል፤ እናት፣ ሙሽራና ሚዜዎች አንድ ላይ ገብተው ይጨቃጨቁልሽ።

ጥያቄ፦ ለደንበኞቻችን የኦንላይን ሥልጠና ስንሰጥ ሊንኩን ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ለጠፍነው። የማናውቃቸው ሰዎች ገብተው አስነዋሪ ነገር አሳዩ። አፈርን። እንዴት እንከላከል?

መልስ፦ ሊንክ የቤት ቁልፍ ነው፣ ቻናል ላይ አይለጠፍም። ቻናሉ ላይ መመዝገቢያ ብቻ አውጡ፣ ሊንኩን ለተመዘገበ ሰው በግል ላኩ። ዙም ላይ መጠበቂያ ክፍል የሚባለውን አብሩት፤ ሰው በር ላይ ይቆያል፣ ስሙን አይታችሁ ታስገባላችሁ። ስክሪን ማሳየት ለአስተናጋጁ (ስብሰባውን ለከፈተው) ብቻ እንዲሆን አድርጉ፣ ያ ነገር የደረሰባችሁ ይሄ ክፍት ስለነበር ነው። ሁሉም ሲገባ ስብሰባውን ቆልፉት። አሠልጣኙ እያስተማረ በር ሊጠብቅ አይችልም፣ ሌላ ሰው በሩ ላይ መድቡ። ከቀዳችሁ ደግሞ እየቀዳችሁ መሆኑን ተናገሩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ካለው ወንድሜ ጋር በርበሬና ሽሮ እያስመጣን እንሸጣለን። ለበዓል የሚሄድ ሰው ስላለ ለስብሰባ የሚሆን ዕቃ ልልክለት ነው። ምን ልላክ? ሌላው ደግሞ በቀጠሮ ሁሌ እንጣላለን። እኔ በሰዓቱ ገብቼ ብቻዬን ቁጭ እላለሁ፣ እሱ ደግሞ «አንተ ነህ የቀረኸው» ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ዕቃ ላክ፦ ስፒከርፎን፣ ሄድሴት፣ ካሜራ ካስፈለገም ካሜራ። ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ የመብራት ጣጣ የለውም። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር ከሆነ ግን አዳፕተሩ ላይ ኢንፑት 100-240 ቮልት የሚል መኖሩን እይ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ አትላከው፤ እዚህ 220 ነው፣ በሰኩት ቅጽበት ጭስ ነው። የአሜሪካው ጠፍጣፋ መሰኪያም የኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም፣ መቀየሪያውን አብረህ አድርግ። ሣጥኑን ጥለህ ዕቃውን ብቻ ስጠው፣ የተሸካሚው ሻንጣ እንደሆነ ሞልቷል።

ሁለት ሄድሴት ከአንድ ውድ ካሜራ ይበልጥብሃል። እናንተ ሁለት ሰዎች ናችሁ፣ የወንድምህንም ፊት ታውቀዋለህ።

የቀጠሮው ነገር ግን ከዕቃው ይብሳል፣ ሁለታችሁም ደግሞ አልዋሻችሁም። አንደኛው ጣጣ ሰዓት አቆጣጠሩ ነው። አንተ «9 ሰዓት» ስትል ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ማን ያውቃል? ለእሱ 9 ሰዓት ምሳ በልቶ የጨረሰበት ነው። ሁለተኛው ጣጣ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትነካም፣ አሜሪካ ግን በዓመት ሁለቴ ትነካካለች። በበጋችሁ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፣ በክረምታችሁ 8። አንተ ሁልጊዜ ከጠዋቱ 8 ብትገባ፣ ለእሱ በበጋችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ በክረምታችሁ ግን ከቀኑ 10። ሰዓት በተቀየረ ሳምንት ብቻህን የምትቀመጠው ለዚህ ነው።

በቃል መቀጣጠር አቁሙ። ስብሰባውን በጉግል ካላንደር ፍጠርና ግብዣውን ላክለት፤ የአንተ ስልክ በሜሪላንድ ሰዓት፣ የእሱ በአዲስ አበባ ሰዓት ራሱ ያሳያል። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚያሳየው በሐበሻ መመንዘሩን እሱ ያውቅበታል። (ገርጂ ያሉት ቡና ላኪም ይሄን ያንብቡ። ጀርመንም ትቀይራለች፣ በራሷ በጋ 1 ሰዓት፣ በራሷ ክረምት 2 ሰዓት ነው ከእኛ ወደ ኋላ የምትቀረው፤ የምትቀይርበት ቀንም ከአሜሪካ ጋር አንድ አይደለም።)

ለአንተ የሚመለከቱህ ሁለት እሑዶች ናቸው፦ የማርች ሁለተኛው እና የኖቬምበር የመጀመሪያው። ከሁለቱም በፊት ባለው ሳምንት ደውለህ ንገረው። እሱ ምንም አልቀየረም፣ የቀየርከው አንተ ነህ።